አንድ ስክሪን፣ ብዙ ዴስክቶፕ

በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚከፈት መስኮት ሁሉ ቦታ ይሻማል። አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ረቂቁን በዎርድ ከፍቶ፣ ማመሳከሪያዎቹን በብራውዘር እያየ፣ የጸሐፊዎቹን ክፍያ በኤክሴል እያሰላ፣ በዚያ ላይ ኢሜይልና ቴሌግራም ሲጨምርበት፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከአሥር በላይ መስኮት እላይ በላይ ይደረደራል። የሚፈለገው መስኮት ሁልጊዜ ከሌሎቹ ሥር ነው። አንዱን አሳንሶ፣ ሌላውን ገፍቶ፣ ሦስተኛውን በስሕተት ዘግቶ እስኪደረስበት ድረስ የተጀመረው ዐረፍተ ነገር ከአእምሮ ይጠፋል። ሰፊ ስክሪን መግዛት ችግሩን ለጊዜው ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቦታው ሲሰፋ የሚከፈተው መስኮትም ይበዛልና።

ምናባዊ ዴስክቶፕ ለዚህ ችግር የተገኘ መልስ ነው። ስክሪኑ አንድ ቢሆንም ሲስተሙ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ዴስክቶፖችን ለየብቻ ይይዛል። እያንዳንዱ የራሱ መስኮቶች አሉት፤ በአንድ ጊዜ የሚታየው ግን አንዱ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ሁለት ሦስት ቁልፎችን በአንድነት ሲጫን ፊቱ ያሉት መስኮቶች በሙሉ ይሰወሩና የሌላው ዴስክቶፕ መስኮቶች ትቷቸው እንደሄደ፣ በዚያው ቦታቸውና በዚያው መጠናቸው ይመጣሉ።

የተሰወረ መስኮት የተዘጋ መስኮት አይደለም። በሌላ ዴስክቶፕ ላይ የሚወርድ ፋይል መውረዱን፣ የሚጫወት ሙዚቃም መጫወቱን ይቀጥላል። ሜሞሪ የሚበሉት የተከፈቱት ፕሮግራሞች ናቸው፤ ዴስክቶፑ ራሱ የሚጨምረው ሸክም ኢምንት ነው። ስለዚህ አምስት መስኮት በአንድ ዴስክቶፕ ላይ ቢሆን ወይም በአምስት ዴስክቶፕ ላይ ቢበተን ለማሽኑ ያው ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ከዓይን የራቀ መስኮት ይረሳል። የተረሱ መስኮቶች ተጠራቅመው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን ላፕቶፕ ሲያንቀራፍፉት ጥፋቱ በከንቱ በዴስክቶፖቹ ብዛት ላይ ይለጠፋል።

ከፓሎ አልቶ የወጣ ሐሳብ

ለዚህ አሠራር ጠንካራ መሠረት የጣሉት በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ በነበረው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ስቱዋርት ካርድና ኦስቲን ሄንደርሰን ናቸው። በ1986 ባወጡት ጽሑፍ «ሩምስ» ማለትም «ክፍሎች» የተባለ ሲስተም አስተዋወቁ። የተነሡበት ጥያቄ ከመስኮት ጋር ዝምድና የሌለው ይመስላል፤ የኮምፒውተር ሜሞሪ ጥያቄ ነበርና።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ዴኒንግ በ1968 እንዳሳየው አንድ ፕሮግራም በማናቸውም አጭር ጊዜ ውስጥ የሚነካካው ከጠቅላላ መረጃው ጥቂቱን ነው። ያ ጥቂት ክፍል በፈጣኑ ሜሞሪ ውስጥ ከተሟላ ሥራው ይቀላጠፋል። ካልተሟላ ግን ማሽኑ የሚያስፈልገውን ከዲስክ እያመጣ፣ ለእሱ ቦታ ለማግኘት ሌላውን እያስወጣ፣ ወዲያው ደግሞ ያስወጣውን እየፈለገ ሙሉ ጉልበቱን በማመላለስ ይጨርሳል። ካርድና ሄንደርሰን በመስኮቶች መካከል በሚዋትተው ሰው ላይም የሚደርሰው ይኸው መሆኑን አስተዋሉ። ስክሪኑ ጠባቡ ፈጣን ሜሞሪ ነው፤ መስኮቶቹ የሚመላለሱት መረጃዎች ናቸው። ሰውም እንደ ፕሮግራሙ አንድን ሥራ ሲሠራ የሚፈልጋቸው መስኮቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ ሥራ ሲለውጥ ደግሞ በአንድነት ይለወጣሉ። መፍትሔው እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሥራ የመስኮቶቹን ስብስብ አንድ ላይ አስቀምጦ ስብስቡን በሙሉ በአንድ ጊዜ መቀየር ነው።

ሩምስን ዛሬም ሊጠና የሚገባው የሚያደርገው ሐሳቡ ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያልፉ በሮች ነበሩት። ሁሉንም ክፍሎች አሳንሶ በአንድ ገጽ የሚያሳይ እይታም ነበረው። አንድ መስኮት በብዙ ክፍሎች ውስጥ ሊገኝ ይችል ነበር፤ ያውም በአንዱ ክፍል ሰፊ ሆኖ መሐል ላይ፣ በሌላው ጠቦ ጥግ ላይ። በየክፍሉ መታየት ያለባቸው እንደ ሰዓት ያሉ ነገሮች «ኪስ» ውስጥ ይቀመጣሉ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከክፍል ወደ ክፍል ተይዞ የሚሄድ መስኮት ደግሞ «ጓዝ» ተብሎ በበሩ አብሮ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በመጡት ሲስተሞች የሚገኘው አብዛኛው ነገር ከእነዚህ የአንዱ ወይም የሌላው ዘር ነው፤ በየዴስክቶፑ የተለያየ መጠን የሚይዘውን መስኮት የመሰለ ጠቃሚ ነገር ግን ዛሬ በተለመዱት ሲስተሞች ውስጥ ማግኘት ይቸግራል።

ከፓሎ አልቶ ውጭ ሐሳቡ በተለያየ መንገድ ተጓዘ። በ1985 የወጣው አሚጋ ኮምፒውተር ብዙ ስክሪኖችን ደራርቦ ይይዝ ነበር። በዩኒክስ ማሽኖች ላይ በ1990 የወጣው የሶልቦርን ኩባንያ መስኮት አስተዳዳሪ ከስክሪኑ የሚበልጥ አንድ ሰፊ ዴስክቶፕ ዘርግቶ ስክሪኑን በላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚያንሸራትት ነበር፤ ይህ ከተነጣጠሉ ዴስክቶፖች የተለየ ስልት ነው። ከ1993 ጀምሮ ኤፍቪደብልዩኤም የተባለው የሮበርት ኔሽን ሥራ ሁለቱንም ስልቶች በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ አስለመደ። ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ የዴስክቶፕ ሥርዓት በ1998 የመጀመሪያ እትሙ ሲወጣ ዴስክቶፕ መቀያየር ለሊኑክስ ሰው ብርቅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። አፕል በጥቅምት 2007 በወጣው የማክ ሲስተም ሌፐርድ «ስፔስስ» ብሎ አመጣው፤ በ2011 ደግሞ «ሚሽን ኮንትሮል» ከሚባለው አጠቃላይ እይታ ጋር አዋሐደው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ አራት ዴስክቶፕ የሚሰጥ ተጨማሪ መሣሪያ ቢያቀርብም በሲስተሙ ውስጥ በወጉ የገባው በሐምሌ 2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ነው። ከሩምስ ጽሑፍ እስከዚያ 29 ዓመት አልፎ ነበር።

ለመስኮት አድራሻ የሚሰጠው

መስኮቶችን በየዴስክቶፑ የሚደለድለው መስኮት አስተዳዳሪ የሚባለው የሲስተሙ ክፍል ነው። ፕሮግራሙ ራሱ፣ ዎርድም ይሁን ፋየርፎክስ፣ የትኛው ዴስክቶፕ ላይ እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ ማወቅ አያስፈልገውም።

በሊኑክስ ለረጅም ዘመን ባገለገለው የኤክስ ሥርዓት አሠራሩ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ መስኮት ቁጥር ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ዴስክቶፕ 0፣ ሁለተኛው 1 እያለ ይቀጥላል። ተጠቃሚው ወደ 2 ሲሻገር አስተዳዳሪው 2 የተጻፈባቸውን መስኮቶች ያወጣል፣ የቀሩትን ይሰውራል። በሁሉም ዴስክቶፕ ላይ እንዲታይ የተፈለገ መስኮት በ32 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ ስምምነት የታወቀና ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንም ሰው መስኮቶችን በትእዛዝ የሚያዛውር አጭር ፕሮግራም መጻፍ ይችላል፤ ደብልዩኤምሲቲአርኤል የሚባለው ትንሽ መሣሪያ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ኤክስን እየተካ ባለው ዌይላንድ ግን አንድ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዲነካ በቀላሉ አይፈቀድለትም። ለደኅንነት የተደረገ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ሥርዓቱን በስክሪፕት ያደራጁ ተጠቃሚዎችን ግን ሥራቸውን እንደገና እንዲጀምሩ አስገድዷል።

ዊንዶውስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩት። ከኤንቲ ጀምሮ በሲስተሙ ሥር ዴስክቶፕ የሚባል እውነተኛ ክፍፍል አለ፤ የማይክሮሶፍቱ ሲስኢንተርናልስ በ2008 ያወጣው «ዴስክቶፕስ» የተባለ መሣሪያ ይህንኑ ተጠቅሞ እስከ አራት ዴስክቶፕ ይሰጣል። ክፍፍሉ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሣ በአንዱ ላይ የተከፈተ መስኮት ወደ ሌላው ጨርሶ አይሻገርም። ዊንዶውስ 10 በዚህ አልሄደም፤ መስኮቶቹ በሙሉ በአንድ ዴስክቶፕ ላይ እያሉ አሁን የማይፈለጉትን ከዓይን ይሸሽጋል። በዚህም መስኮትን ከአንዱ ወደ ሌላው መውሰድ ተቻለ። ሆኖም ማይክሮሶፍት ለውጭ ፕሮግራም ሠሪዎች በይፋ የሰጠው መንገድ ጠባብ ነው፦ አንድ ፕሮግራም የራሱን መስኮት እንጂ የሌላውን ማዛወር አይችልም። ከዚህ የበለጠ የሚያደርጉ ተጨማሪ መሣሪያዎች በይፋ ባልተገለጸ የውስጥ መንገድ ስለሚሄዱ የዊንዶውስ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር መበላሸታቸው የተለመደ ነው።

በሥራ መከፋፈል

ብዙ ሰው ምናባዊ ዴስክቶፕን ሞክሮ የሚተወው አከፋፈሉን ስለሚስት ነው። ለጀማሪ ቶሎ የሚታየው አከፋፈል በፕሮግራም ነው፦ ዎርድ አንደኛው ላይ፣ ብራውዘር ሁለተኛው ላይ፣ ኤክሴል ሦስተኛው ላይ። ንጹሕ ይመስላል፤ አያዋጣም። ረቂቁን የሚያርመው አዘጋጅ ማመሳከሪያውን ባየ ቁጥር ዴስክቶፕ መቀየር አለበት፤ ባየው ነገር አንድ ቃል ለማስተካከል መመለስ፣ የቀጣዩን ቀን ለማረጋገጥ እንደገና መሄድ። ካርድና ሄንደርሰን ሊያስቀሩት የፈለጉት ምልልስ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አንድ ላይ የሚታዩ መስኮቶች አንድ ላይ ይቀመጡ። ለአዘጋጁ የመጀመሪያው ዴስክቶፕ የእርማት ይሆናል፤ ረቂቁ፣ ማመሳከሪያ የተከፈተበት አንድ የብራውዘር መስኮትና መዝገበ ቃላቱ እዚያ ናቸው። ሁለተኛው የክፍያ ነው፤ የኤክሴሉ ሠንጠረዥና የባንኩ ገጽ የተከፈተበት ሌላ የብራውዘር መስኮት ጎን ለጎን ይውላሉ። ሦስተኛው የመልእክት ነው፤ ኢሜይልና ቴሌግራም። እዚህ ላይ ብራውዘሩ በሁለት ዴስክቶፕ መገኘቱ ዋናው ነገር ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነው፣ መስኮቱ ግን ሁለት፤ ዴስክቶፕም የሚያስተናግደው መስኮትን እንጂ ፕሮግራምን አይደለም። ሠላሳ ታብ በአንድ መስኮት ውስጥ አጭቆ የሚሠራ ሰው ከዴስክቶፖቹ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ታቦቹ በአንድ መስኮት ውስጥ እስካሉ ድረስ በየዴስክቶፑ ሊበተኑ አይችሉምና። በኮንትሮልና ኤን አዲስ መስኮት ከፍቶ ለየሥራው ማካፈል ይቀድማል።

ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ አይታዘዝም። ኤክሴል እስከ 2010 እትሙ ድረስ ሠንጠረዦችን በአንድ ትልቅ መስኮት ውስጥ ይደረድር ስለነበር ሁለት ሠንጠረዥ በሁለት ዴስክቶፕ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር፤ ከ2013 እትም ጀምሮ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ የራሱ መስኮት አገኘ። እንደ ቴሌግራም ያሉት ደግሞ በተለመደው አጠቃቀም ዋና መስኮታቸው አንድ ነው። ተጠቃሚው እርማት ላይ ሆኖ የቴሌግራምን ምልክት ሲነካ ሲስተሙ ወደ መልእክቱ ዴስክቶፕ ይዞት ይሄዳል። በማክ ላይ ይህ መወሰድ በሲስተሙ ማስተካከያ ሊጠፋ ይችላል። ጠቃሚ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ መልእክት ለማንበብ ከእርማቱ መውጣት እንደሚያስፈልግ ያስታውሳልና። መልእክቱ ራሱ የሥራው አካል የሆነ እንደሆነ ግን፣ ለምሳሌ ጸሐፊው እርማቱን በቴሌግራም እየተከታተለ ሲመልስ፣ መስኮቱ ለዚያ ሰዓት ወደ እርማቱ ዴስክቶፕ ቢመጣ ይሻላል። ሥራ ሲለወጥ የመስኮት ቦታም መለወጡ ደንብ ማፍረስ አይደለም።

በሁሉም ዴስክቶፕ ላይ የሚታይ መስኮት የሩምስ «ኪስ» ወራሽ ነው። ዊንዶውስ ዴስክቶፖቹን ሁሉ በሚያሳየው «የተግባር እይታ» ውስጥ መስኮቱ ላይ በቀኝ ሲጫኑ ምርጫውን ይሰጣል፤ አንድን መስኮት ብቻ ወይም የፕሮግራሙን መስኮቶች በሙሉ። ማክ ከታች በተደረደሩት የፕሮግራም ምልክቶች በኩል ይሰጣል። ለሰዓት ቆጣሪ፣ ለማስታወሻ ወረቀት፣ ለቪዲዮ ስብሰባ መስኮት የተገባ ነው። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን ዴስክቶፖቹ ሁሉ አንድ መልክ ይይዙና መከፋፈሉ ትርጉም ያጣል። በ2006 የወጣው ዲደብልዩኤም የተባለ መስኮት አስተዳዳሪ የበለጠ ብልህ መንገድ ያዘ፤ መስኮቱን በአንድ ዴስክቶፕ ከማሰር ይልቅ መለያ ይለጥፍበታል፣ አንድ መስኮትም ሁለት ሦስት መለያ ሊኖረው ይችላል። መዝገበ ቃላቱ በእርማትና በትርጉም ዴስክቶፕ ላይ ታይቶ በክፍያው ላይ አለመታየት የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስንት ዴስክቶፕ ይበቃል ለሚለው ከሦስት እስከ አምስት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የትኛው ሥራ የት እንዳለ ማስታወስ ራሱ ሥራ ይሆናል። ከብዛቱ ይልቅ ቦታቸው አለመለዋወጡ ይበልጣል፤ እርማት ሁልጊዜ አንደኛው ላይ ከሆነ ጣት ሳይታሰብበት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በማክ ላይ ዴስክቶፖችን በቅርብ አጠቃቀም ቅደም ተከተል ራሱ የሚያዘዋውረው ምርጫ መጥፋት ይኖርበታል፤ ኮምፒውተሩ ሲገዛ በርቶ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ተጠቃሚም የተለማመደው ቅደም ተከተል ለምን እንደሚፈርስበት ሳያውቅ ይኖራል። በሊኑክስ ያለው ግኖም ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ዴስክቶፖችን እንደ ፍላጎት ያበዛል፣ ያሳንሳል፤ የመጨረሻው ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፣ ባዶ የቀረው መካከለኛ ደግሞ ይጠፋል። ቋሚ ቁጥር የሚሻ ሰው ይህንንም ከማስተካከያው መቀየር ይችላል።

ቁልፎቹና ደንቦቹ

በማውስ ብቻ ዴስክቶፕ የሚቀያይር ሰው ብዙ አይቆይም፤ ቁልፎቹን መልመድ ግድ ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ዲ አንድ ላይ ሲጫኑ አዲስ ዴስክቶፕ ይፈጠራል፤ በዲ ፈንታ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ወደ ጎረቤቱ ያሻግራል፤ ኤፍ4 ያለንበትን ይዘጋል። የዊንዶውስ ቁልፍና ታብ ሁሉንም በአንድነት ያሳያሉ። መስኮትን ወደ ሌላ ዴስክቶፕ የሚወስድ ቁልፍ ግን ዊንዶውስ የለውም፤ በዚሁ አጠቃላይ እይታ ውስጥ ገብቶ ማዛወር ያስፈልጋል። ትልቅ ጉድለት ነው። በማክ ኮንትሮልና ቀስት ያሻግራል፤ የመስኮቱን ራስጌ በማውስ ይዞ እነዚህኑ ቁልፎች መጫን መስኮቱን አብሮ ይወስደዋል። በግኖም ሱፐር የሚባለው የዊንዶውስ ቁልፍ ከፔጅ አፕ ወይም ከፔጅ ዳውን ጋር ያሻግራል፤ ሺፍት ሲጨመርበት መስኮቱ አብሮ ይሄዳል።

ኦልትና ታብ የሚያሳዩት ዝርዝርም ከዴስክቶፕ ጋር ይያያዛል። ዊንዶውስ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ያለንበትን ዴስክቶፕ መስኮቶች ብቻ ይዘረዝራል፤ ከሁሉም ዴስክቶፕ እንዲዘረዝር ማድረግ ይቻላል፣ ባይደረግ ግን ይመረጣል። አጭር ዝርዝር ማግኘት ዴስክቶፖቹን የመከፋፈሉ ግማሽ ጥቅም ነው። በማክ ኮማንድና ታብ የሚያሳዩት በየዴስክቶፑ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ ነው።

ሁለት ስክሪን ያለው ሰው ዴስክቶፕ ሲቀይር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በዊንዶውስ ሁለቱም ስክሪኖች አብረው ይቀየራሉ። ማክ ከ2013 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ስክሪን የራሱን ዴስክቶፖች ይሰጣል። ግኖም ሌላ ካልታዘዘ ዋናውን ስክሪን ብቻ ይቀይራል፣ ሁለተኛው ባለበት ይቆያል፤ መልእክቱንም ሆነ ማመሳከሪያውን በሁለተኛው ላይ ለሚያኖር ሰው ይህኛው ይስማማዋል።

መስኮት ሲከፈት በቀጥታ ወደ ቦታው እንዲሄድ ደንብ ማውጣት ይቻላል። ኬዲኢ በመስኮቱ ርእስ ወይም በፕሮግራሙ ስም የሚሠሩ ዝርዝር ደንቦች አሉት። በ2009 የተጀመረው አይ3 የተባለ መስኮት አስተዳዳሪ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፍለታል። ማክ ፕሮግራምን ለአንድ ዴስክቶፕ ይመድባል፤ ምደባው በፕሮግራም እንጂ በመስኮት ስላልሆነ ለኢሜይል ሲስማማ ለብራውዘር አይስማማም። ዊንዶውስ ይህ የለውም።

በአማርኛና በሌላ ቋንቋ እያፈራረቀ ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ማስተካከያ አለ። ዊንዶውስ የኪቦርዱን ቋንቋ ለሁሉም መስኮት አንድ አድርጎ ይይዛል፤ በእርማቱ ዴስክቶፕ ላይ አማርኛ ሲጽፍ የቆየ ሰው ወደ ክፍያው ሲሻገር የባንኩን ገጽ አድራሻ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይጀምራል። በከፍተኛ የኪቦርድ ማስተካከያዎች ውስጥ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ የአጻጻፍ ስልት እንዲያዝ የሚፈቅደው ምርጫ ሲበራ እያንዳንዱ መስኮት ቋንቋውን ያስታውሳል። ግኖምም ተመሳሳይ ምርጫ አለው።

ዴስክቶፕ መለያየት ምስጢር መጠበቅ አይደለም። ሁሉም ዴስክቶፖች የአንድ ተጠቃሚ ናቸው፤ ፋይሎቹ፣ የተቀዳው ጽሑፍና የይለፍ ቃሎቹ የጋራ ናቸው። ኮምፒውተሩን ለሌላ ሰው የሚያውስ ወይም የቢሮና የግል ሰነድን በእርግጥ መለየት የሚፈልግ ሰው የተለየ የተጠቃሚ ስም መክፈት አለበት።

ዴስክቶፕ ሲዘጋ በዊንዶውስም ሆነ በማክ መስኮቶቹ አብረው አይዘጉም፤ ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ተዛውረው ይቆያሉ፣ ያልተቀመጠ ሥራም አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን ሁኔታው ይለያል። ዊንዶውስ ዴስክቶፖቹን ከነስማቸው ያስታውሳል፤ ፕሮግራሞቹን ግን እያንዳንዱን ወደነበረበት ዴስክቶፕ አይመልስም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አዘጋጁ የሚያገኘው «እርማት»፣ «ክፍያ»፣ «መልእክት» የሚል ስም ያላቸው ባዶ ዴስክቶፖችን ነው፤ መስኮቶቹን ወደየቦታቸው የሚመልሰው እሱ ራሱ ነው። ይህ በየጊዜው የሚያጋጥመው ሰው ለየሥራው የሚያስፈልጉትን ፋይሎች አቋራጭ በአንድ ፎልደር አድርጎ ቢያስቀምጥ፣ ዴስክቶፑ ላይ ሆኖ ፎልደሩን ከፍቶ ሁሉንም መርጦ ኢንተር ሲጫን መስኮቶቹ እዚያው ይከፈቱለታል።